ክሌምን ከመርከብ ያስቀረ በሬ

ኔቨንካ ቪዱሊች ያንን ገበሬ ሆን ብላ ከመርከብ ያስቀረችው ባል ፈልጋ ነው ተባለ። በወደብ ከተማችን በፍሪማንትል ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ወይ አዲስ ገቢ ነው፣ ወይ ጆሮውን ታሟል። ወሬውን ያወጣችው ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ ብሩና ናት፤ ማስረጃም አላት። ማክሰኞ ማለዳ የቆሻሻ በርሜሏን ወደ መንገድ ስትገፋ፣ ሰማንያ ያለፈው አንድ ረጅም ሽማግሌ በኔቨንካ በረንዳ ላይ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ አየች። የለበሰው ደግሞ የሟቹን የያኮቭን ፒጃማ ነው። ሰማያዊ፣ ባለ ነጭ መስመር። ብሩና ያንን ፒጃማ በደንብ ታውቀዋለች፤ ያኮቭ በሕይወት ሳለ በየሳምንቱ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ከወጥ ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት ሲወዛወዝ ኖሯል። ያኮቭ አጭር ሰው ስለነበረ ሱሪው የሽማግሌው ቅልጥም ላይ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲያ ወሬው የማንንም እርዳታ አልፈለገም። ዓሣ ቤት ሲደርስ ቀለበት ተጨመረበት። ፀጉር ቤት ሲደርስ የሰውየው የስንዴ ማሳ ዳር ድንበር ተለይቶ ታወቀ። እኛ እሑድ እሑድ የምንሰበሰብበት ክበብ ሲገባማ ኔቨንካ የመርከቡን ትኬት ምድጃ ውስጥ ስትጨምረው በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ተገኝቷል፤ ያ ሰው በዚያ ሰሞን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

ፒጃማው እውነት ነው። የቀረው ሁሉ ውሸት ነው። ክፋቱ እውነቱ ከወሬው የሚብስ መሆኑ ነው።

ኔቨንካ የምትኖረው ከወደቡ ትንሽ ራቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ያኮቭ መረቡን ይዘረጋበት ከነበረው ሰፊ ግቢ ጋር ነው። ያኮቭ ሲሞት ጀልባው ተሸጠ፣ መረቡ ተሰጠ፣ ግቢው ባዶውን ቀረ። ባዶ ግቢ ደግሞ ለብቸኛ ሴት ጥሩ አይደለም፤ ድመት ይሰበስባል። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች እየበዙ መጡ። ከመሀል አገር ያሉት ገበሬዎች መርከቡን ሊሳፈሩ በፒክአፕ ይመጣሉ፤ መጥተው ግን መኪናቸውን የት እንደሚያደርጉት አያውቁም። ወደቡ አጠገብ ለጥቂት ሰዓት ካልሆነ ማቆም አይቻልም። ተቆጣጣሪዎቹ ጎማ ላይ በጠመኔ አስምረው ይሄዱና፣ ተመልሰው መስመሩ ከነበረበት ካልተነሳ ይቀጣሉ። ኔቨንካ አንድ ቀን ባልና ሚስት መንገድ ዳር ቆመው በመኪናው ጉዳይ ሲጣሉ አየችና የግቢውን በር ከፈተችላቸው። ሲመለሱ ዘመዶቻቸውን ላኩላት። በዚህ ተጀመረ።

አሠራሯ የራሷ ነው። መጀመሪያ ሻንጣ። «ሻንጣ የያዘ ሰው አገር አያይም፤ ሻንጣውን ነው የሚያየው» ትላለች። ስለዚህ ማለዳ መንገደኞቿን ከነጓዛቸው በሚኒባሷ ወደቡ ታደርሳለች፤ ጓዙን ለወደቡ ሠራተኞች ታስረክባለች። ከማስረከቧ በፊት እያንዳንዱ ሻንጣ ላይ የግቢዋን አድራሻ የያዘ የራሷን ቢጫ ካርቶን ታስራለች፤ ለክፉም ለደጉም። ከዚያ እጁ ባዶ የሆነውን ሕዝብ ይዛ ትዞራለች፤ የድሮው እስር ቤት ግንብ፣ ገበያው፣ ክቡ የድንጋይ ቤት። የትኛው ጥግ ላይ ብትቆም እንደማትቀጣ፣ የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ ከሁሉም በላይ የትኛው ሽንት ቤት ንጹሕ እንደሆነ ታውቃለች፤ ለአዛውንት መንገደኛ ከዚህ የሚበልጥ ጉብኝት የለም። በመጨረሻ ከተሳፋሪዎቹ በፊት እሷ ትጣደፍና ከወደቡ በር ታወርዳቸዋለች። በግቢዋ ግድግዳ ላይ በእጇ፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል የጻፈችው ጽሑፍ አለ፦ የወደቡ በር የሚዘጋው መርከቡ ሳይነሳ ነው፤ እንዳትዘገዩ።

ይህን ጽሑፍ ያዙልኝ።

ጉድለቷ ወሬ ነው። ወሬ ስል የሰው ሐሜት ማለቴ አይደለም፤ በዚያ በኩል ከእኛ ትሻላለች። የእሷ ወሬ አንድ ነው፤ የአባቷ በሬ። አባቷ ሺሜ ወደቡ ላይ ጭነት አውራጅ ነበር። ያኔ ከሰሜን በመርከብ ከብት ይመጣል። አንድ ቀን አንድ በሬ አጥሩን ሰብሮ በመርከቡና በወደቡ መሀል ከውኃው ገባ። ገመዱን የያዘው ሺሜ ነው፤ ልቀቅ ቢሉት አልለቅም አለ፤ አብሮ ገባ። «አባቴ ደግሞ ዋና አይችልም» ትላለች ኔቨንካ። እዚህ ላይ ስትደርስ ሰሚው ሁሉ ይነሳል። አንዱ ምድጃ ላይ የተወው ድስት ትዝ ይለዋል፣ አንዱ ሚስቱ ትጠራዋለች፣ ሚስት የሌለው እንኳ ሚስቱ ትጠራዋለች። ታሪኩ አጭር አይደለማ። በዚህ ዓይነት ከተማው በሙሉ አባቷ ውኃ ውስጥ እስከገባ ድረስ ያውቃል፣ ሲወጣ ግን ያየው የለም። መውጣቱንማ እናውቃለን፤ ኔቨንካ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። በሬው ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ክሌም ሃርቲጋን የመጣው ሰኞ ነው። አገሩ ከናሬምቢን ወዲያ፣ ስንዴና በግ ብቻ ያለበት ነው። የሻንጣው ቁልፍ ስለተሰበረ በቀዩ የድርቆሽ ማሰሪያ ገመድ ጥፍር አድርጎ አስሮታል፤ ቋጠሮውን የሚፈታው የገዛ እጁ ብቻ ነው። ኔቨንካ ቢጫውን ካርቶን ስታስር ብቻውን ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። የመንገደኛ ሁሉ መልስ ሽርሽር ነው፤ የእሱ ግን ሌላ ሆነ።

አደሌድ የምትኖር ዊን የምትባል ታላቅ እህት አለችው። አባታቸው ሲሞት እርሻው ለእሱ፣ ፒያኖው ለእሷ ሆነ፤ ፒያኖውን ጭና ሄደች። ከዚያ ባሏ ሲሞት ክሌም ቀብር አልሄደም፤ አጨዳ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቤቷ በሄደ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ምክንያት ከመደርደር ያለፈ ነገር አልነበረም፤ በኋላም መሄዱን ተወው። አሁን ሳንባው የአየር ጉዞ እንደማይችል ሐኪም ነገረው፤ በአውሮፕላን አይሄድም። ባቡሩ ለወራት ሞልቷል። መርከብ አገኘና ለእህቱ ደወለ። ያለችውን ለኔቨንካ ቃል በቃል ነገራት።

«ዝናብ ካለ፣ አጨዳ ካለ፣ በግ ከወለደ፣ እዚያው ቅር አለችኝ። ከመርከቡ ስትወርድ ግን ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሳትወርድ ከቀረህ ሁለተኛ ላንተ ብዬ ከቤቴ አልወጣም።»

«ታደርገዋለች?» አለች ኔቨንካ።

«ዊንን አታውቂያትም።»

ኔቨንካ ካርቶኑን አጥብቃ አሰረች። «እኔ እያለሁ መርከብ አያመልጥዎትም» አለችው። ይህን ያለችው እሷ ናት፤ ማንም በይ አላላትም፤ እሷ ራሷ ነች የነገረችን።

በዚያ ቀን አብረውት የመጡት ሁለት ቤተሰቦች ከገበያው ሲደርሱ፣ ልጆቻቸው ስላስቸገሯቸው በእግራችን እንሄዳለን ብለው ተለዩ። ክሌም ብቻውን ቀረ። ኔቨንካ ጥብስ ዓሣና ድንች ገዝታ የመታሰቢያ ሐውልት ወዳለበት ኮረብታ ወጣች፤ ከዚያ ወደቡ ሁሉ እንደ መዳፍ ይታያል። ነጩ መርከብ ቆሟል። ከእሱ ወዲያ አንድ የከብት መርከብ ነበረ፣ ነፋሱ ሽታውን ይዞ ወጣ። ሌላ መንገደኛ ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር። ክሌም ግን ሽቅብ አሸተተና፣ «ይኼ የበግ አይደለም፣ የከብት ነው» አለ።

ከብት ካነሳ በኋላማ ማን ያቆማታል። ሺሜ ገመዱን ያዘ፣ በሬው አጥሩን ሰበረ፣ አባቴ ደግሞ ዋና አይችልም። እዚህ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆም አለች። ሰው የሚነሳበት ቦታ ነው፤ ለመነሻ ጊዜ መስጠት ለምዳለች።

ክሌም አልተነሳም። ድንቹን ዋጥ አደረገና፣ «ቀንዱ ተቆርጦ ነበር?» አላት።

ኔቨንካ በዕድሜዋ ስለ በሬው ቀንድ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ተቆርጦ አልነበረም፣ አለችው። ገመዱ ከአፍንጫው ነው ከአንገቱ? ከአንገቱ። እንግዲያውስ ሲዋኝ ያንቀዋል፣ አለ ክሌም፤ ከብት ጥሩ ዋናተኛ ነው፣ አንገቱን ካልያዙት። ልክ ነው፣ አባቴም ይህንኑ ነው ያሰበው፣ አለች። ከዚያ አባቷ ያሰበውን ነገረችው። በዚያን ጊዜ አባቷ አድርጎት የነበረውን ጫማ፣ ጫማውን የሸጠለትን ሰው፣ የሸጠለትን ሰው ሚስት ሁሉ ነገረችው። ክሌም ይሰማል። የሚሰማው ለይሉኝታ ብሎ አልነበረም፤ ስለ ከብት የሚወራውን ሰምቶ የሚጠግብ ሰው አይደለም።

መጀመሪያ ሰዓቱን አየት አደረገ። አላየችም ብለን እንለፈው።

ትንሽ ቆይቶ፣ «መሄድ የለብንም?» አለ።

ኔቨንካ በቅባታም ጣቷ ወደ ታች አሳየችው። «እነዚያ ሁለቱ ጎታች ጀልባዎች ይታዩዎታል? እንደታሰሩ ናቸው። ሐኪሙ ደግሞ ይኸው ቀድሞ ተነሥቷል።» ሐኪሙ የምንለው ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚነሳውን ነፋስ ነው። «በዚህ ነፋስ ያለ ጎታች የሚወጣ ካፒቴን አልተወለደም። እነሱ ሳይፈቱ መርከቡ የትም አይሄድም፣ ክሌም። ዘና ይበሉ።»

ይህ ነገር እውነት ነው። የፍሪማንትል ልጅ እናቱ «ሰዓት ስንት ነው?» ብትለው ጎታቾቹን አይቶ የሚናገር ነው። አባቶቻችን መርከብ ጫኑ፣ አራገፉ፣ አሰሩ፣ ፈቱ። እኛ መርከብ ከነጠባዩ እናውቃለን። የምናውቀው ግን ከውጭ ነው። ከመሀከላችን ትኬት ቆርጦ እንደ እንግዳ የተሳፈረ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ መርከቡ መቼ እንደሚሄድ ጠይቁን እንጂ፣ ሰው መቼ መግባት እንዳለበት አትጠይቁን። ኔቨንካ ግን ከእኛ ትለያለች፤ እሷ ሰው ማድረስ ሥራዋ ነው። ግድግዳዋ ላይ የጻፈችውን ታስታውሳላችሁ።

ሦስተኛ ጊዜ ክሌም ከወንበሩ ተነሣ፤ ኮፍያውን አነሣ። ኔቨንካ አባቷን ገና ከመርከቡ የጎን ብረት ጋር እያጋጨችው ነበር። ቀና ብላ አየችው። ክሌም ኮፍያውን እንደያዘ ቆመና፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ። መልሶ ተቀመጠ።

ወደ ወደቡ ሲወርዱ ጎታቾቹ እንደታሰሩ ነበሩ። በሩ ላይ የቆመችው ሚርያና ናት፤ የክበባችን ልጅ ናት፤ ብርቱካናማ ሰደርያ አድርጋ ብረቱን ዘግታለች።

«ቴታ ኔቨንካ» አለቻት፤ በአባቶቻችን አገር ቋንቋ ቴታ ማለት አክስት ነው። «ተዘግቷል።»

«መርከቡ ይኸው ቆሞ የለም? ጎታቾቹ እንኳ አልተፈቱም።»

«እኛ የምንዘጋው ለጎታቾቹ ብለን አይደለም፣ ቴታ። የተሳፋሪው ስም ዝርዝር ተዘግቶ ወደ መርከቡ ሄዷል።»

«አንቺ ልጅ፣ ስትጠመቂ የያዝኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ካፒቴኑን ግን አልያዙትም።»

ሚርያና ክፉ ልጅ አይደለችም። ስልክ ደወለች፣ ደግማ ደወለች፣ ከውስጥ ያለውን ሰው ለመነች። ክሌም ከኋላ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሦስቱም መርከቡን ሲያዩ ቆዩ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሰገነቱ ላይ ሰዎች መጠጥ ይዘው ሲመላለሱ ይታያሉ፤ አንዷ ሴት እጇን አውለበለበችላቸው፣ ሚርያናም ሳታስበው መለሰችላት። በመጨረሻ ጎታቾቹ ተፈቱ፣ መጡ፣ መርከቡን ነካ አድርገው ከወደቡ አላቀቁት። ኔቨንካ ያለችው አንዱም አልተሳሳተም። ልክ መሆን እንዲህ ሰው ሲያዋርድ ሚርያና ያን ቀን አየሁ ትላለች።

«ሻንጣዬ ሄደ» አለ ክሌም። ሳቅ ቢጤ አለ። «ቢያንስ እሱ ደርሷል።»

አሁን ወደ ፒጃማው ደረስን። የለበሰው ልብስ ብቻ ነው የቀረው፤ ሱሪው ላይ የኮረብታው ወፎች ጥለውበታል፤ በማግስቱ ደግሞ መንገድ አለ። መርከቡ በማግስቱ ቀትር ላይ በደቡብ ባለው በአልባኒ ወደብ ስለሚቆም፣ የመርከቡ ወኪል በስልክ እዚያ ከደረሰ ይሳፈር አለ። ኔቨንካ ልብሱን አጠበች፣ የያኮቭን ፒጃማ ሰጠችው፣ የኋላውን ክፍል አነጠፈችለት። ብሩና ያየችው ይህን ነው። ብሩና በረንዳውን አየች እንጂ ወጥ ቤቱን አላየችም፤ ኔቨንካ እርጥቡን ሱሪ በካውያ እየተኮሰች ዓይኗን በእጅጌዋ ስትጠርግ ነበር።

መንገዱ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ኔቨንካ ሚኒባስ ይዛ ዝም ያለችበት ጊዜ አይታወቅም፤ የሞተ ውሻ እንኳ ብታይ የማን እንደነበረ ትናገራለች። በዚያ ቀን ግን ዊሊያምስን አለፉ፣ ኮጆናፕን አለፉ፣ አንድ ቃል አልወጣትም። ክሌም ጨነቀው።

«አመመሽ እንዴ?»

«አይ። መንገዱን እያየሁ ነው።»

«መንገዱ እኮ ቀጥ ያለ ነው።»

አልባኒ ሲደርሱ መርከቡ ቀድሟቸው አልነበረም፤ ሁለቱም ተነፈሱ። ወደቡን የስንዴ መርከብ ይዞታል፤ ስለዚህ የእነሱ መርከብ ባሕሩ መሀል ቆሞ ሰው በትንንሽ ጀልባ ሊያወርድና ሊያወጣ ነው። ከደቡብ ነፋስ ነበረ። ወኪሉ ወደ ባሕሩ በተዘረጋው የጀልባ መሳፈሪያ ድልድይ ጫፍ ላይ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ይዞ ይንጎራደዳል። ነጩ መርከብ ብቅ አለ፣ ቀረበ፣ ቆመ። ኔቨንካ ከክሌም ኮት ላይ የጥጥ ብናኝ ለቀመችለት፣ አንገትጌውን አስተካከለችለት፤ እንደ ሙሽራ እናት። መርከቡ ለጥቂት ጊዜ ማዕበሉ ላይ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ወኪሉ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ መጣ። ካፒቴኑ ትቶታል አላቸው፤ በዚህ ማዕበል ጀልባ አያወርድም፤ በቀጥታ ወደ አደሌድ ይሄዳል።

መርከቡ ሲዞር ክሌም አየው። ገበሬ ደመና ሳይዘንብለት ሲያልፍ እንዴት እንደሚያይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አልተራገመም፣ አልተቆጣም። ስልኩን አወጣ።

«ዊን፣ እኔ ነኝ። መርከቡ አመለጠኝ።» ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ኔቨንካ ፈንጠር ብላ ልትቆም አሰበች፤ እግሯ ግን አልሄደም። «አይ» አለ ክሌም። «የማንም ጥፋት አይደለም። ጨዋታ ይዞኝ ነው።» ደግሞ አዳመጠ። አንድ ነገር ተናገረ፤ ነፋሱ ወሰደው። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አራቀና አየው።

«ምን አሉ?» አለች ኔቨንካ።

«የምን ጨዋታ ነው አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ስለ በሬ ነው አልኳት። ዘጋችው።»

ኔቨንካ በመኪና አደሌድ አደርስዎታለሁ አለችው፤ ቀናት ቢፈጅም፣ ግቢው ተዘግቶ ይቆያል፣ መኪኖቹ የትም አይሄዱም። ለመነችው። ክሌም ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ያለችው ከመርከቡ ስወርድ ልታየኝ ነው» አለ። «በር ማንኳኳት ሌላ ነው። በሯ ላይ ቆሜ ምክንያት መናገር እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ለእሷ ማዘኑ ነው መሰለኝ፣ ዓሣ ልግዛልሽ አላት። እሱ፣ እሷን። ያንን ዓሣ መዋጥ አልቻልኩም ትላለች።

ሲመለሱ፣ ኮጆናፕ አካባቢ፣ ተኝቷል ብላ ስታስብ ክሌም ዓይኑን ሳይገልጥ ተናገረ።

«በሬውስ? ወጣ?»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ ነው። አፏን ከፈተች። የመጣላት ሁለት የታሰሩ ጎታች ጀልባዎች ብቻ ሆነ። «ሌላ ጊዜ» አለች።

«እሺ» አለ ክሌም።

ግቢው ሲደርሱ ፒክአፑ የቆመው ከግድግዳው ሥር ነበር፣ ከቀዩ ጽሑፍ ትይዩ። ክሌም በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል ቀና አለና አየው። ቀስ ብሎ አነበበው፤ ገበሬ የፀረ ተባይ ዕቃ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ እንደሚያነብ፣ እስከ መጨረሻው ቃል። ከዚያ ኮፍያውን አደረገ፣ ለማደሪያው አመሰገናት፣ ሄደ። ስለ ጽሑፉ ቃል አልተነፈሰም። አንድ ስድብ ቢሰድበኝ ዛሬ ተረስቶ ነበር ትላለች።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ የዕቃ መኪና መጣና ሻንጣውን ኔቨንካ በር ላይ አወረደው። ቢጫ ካርቶኗ እንዳለ ነው፤ ቀዩ የድርቆሽ ገመድ እንደታሰረ ነው። ቋጠሮው አልተነካም። ኔቨንካ አደሌድ ወደብ ደወለች፤ ወሬኛ ሰው አገኘች፤ እግዜር ሲፈልግ ለወሬኛ ወሬኛ ይሰጣል። ሰውየው አስታወሰ። አረንጓዴ ካፖርት የለበሱ አንዲት አሮጊት መጥተው ነበር አለ። ወንድማቸው መርከቡ ላይ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ስልክ ደውሎልኛል ብለዋል። ቢሆንም የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪወርድ ቆሙ። ሻንጣው ብቻውን ተርፎ ስለነበር ስሙን ነግረው ወሰዱት። በማግስቱ ይዘውት ተመለሱና፣ ካርቶኑ ላይ ወዳለው አድራሻ ላኩልኝ አሉ።

ኔቨንካ ለክሌም ደወለችና ሻንጣው እንደተመለሰ፣ እህቱም ወደቡ ላይ ቆማ እንደነበር ነገረችው። ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የውሻ ጩኸት ብቻ ተሰማ። «ውስጡ ለእሷ የያዝኩት የኳንዶንግ የዱር ፍሬ ማርማላታ አለ» አለ በመጨረሻ። «በጠርሙስ ነው። ዘቅዝቀሽ አታስቀምጪው።» መቼ ይወስዱታል ብትለው፣ ከአጨዳ በኋላ አላት።

አጨዳው አልፏል። ሻንጣው በኔቨንካ በር ጀርባ ቆሟል። ስትጠርግ ታነሣዋለች፣ መልሳ ትተክለዋለች። ክሌም ለእህቱ ይደውላል፤ ስልኩ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ያበቃል። ይህንንም እሱ ነው የነገራት፣ ስትጠይቀው፤ በየወሩ መጨረሻ ትጠይቀዋለች።

ከዚያ ወዲያ መንገደኞቿን ወደ ወደቡ የምታደርሰው በሩ ሳይከፈት ነው። አዛውንቶቹ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ያጉረመርማሉ፤ ኮረብታውንስ አናይም ወይ ይሏታል። ኮረብታው ዝግ ነው ትላቸዋለች። ኮረብታ ተዘግቶ ያውቃል? በሬውንም አታነሣም። መጀመሪያ እኛ ይህን እንደ በረከት ቆጠርነው። ስቲፔ የሚባለው ጓደኛችን፣ ዓሣ ሲያጠምድ ዕድሜውን የጨረሰ ተረበኛ ነው፣ «ለበሬው ነፍስ ይማር» ብሎ ብርጭቆ አስነሥቶናል።

አንድ እሑድ ክበብ ውስጥ፣ ከብረት ኳስ ውርወራ ጨዋታ በኋላ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሰርዲን እየበላን ነው። ኔቨንካ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስቲፔ አላስችል አለው።

«ኔቨንካ፣ ገበሬው ፒጃማውን መለሰልሽ ወይስ እንደለበሰው ነው እርሻ የገባው?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ብሩና ሳቁ እንዳይበርድ ጨመረችበት። «ባል ከፈለግሽ እኮ እኛን ብትጠይቂን ይበቃ ነበር። ሰው ከመርከብ ማስቀረት ምን አመጣው?»

ኔቨንካ ሹካዋን አስቀመጠች። ተቆጥታ ትነሣለች ብለን ነበር። አልተነሣችም። እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ፣ ከቢጫው ካርቶን እስከ ውሻው ጩኸት፣ ቁጭ ብላ ነገረችን፤ ድስት ትዝ ያለው አልነበረም። ስለ ጎታቾቹ ስትደርስ ስቲፔ ሊያግዛት ፈለገ፤ «እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው፣ በሩን ማን ያስባል?» አላት።

«እኔ አስባለሁ» አለችው። «ግድግዳዬ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮፍያውን ይዞ ሲቆም ሰዓቱን አውቄው ነበር፣ ስቲፔ። ጎታቾቹን አላየሁም። እሱን ነው ያየሁት፤ ‹ከዚያስ?› አለኝ።»

ብሩና የሰርዲኑን አጥንት ከሳህኗ ጠርዝ ላይ መደርደር ጀመረች። ከዚያ ኔቨንካ አንድ ነገር ጨመረች። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ዳቦ እየቆረስኩ። ያለችው ይህን ነው፦

«ባል ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እኔ የፈለግኩት በሬው መውጣት አለመውጣቱን የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ነበር።»